በላስ ቬጋስ የካዚኖ ዲለር ለመሆን፦ ከወጥ ቤት ጠረጴዛ እስከ ካዚኖው ጠረጴዛ

ቬጋስ አዲስ የገባ ሐበሻ በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ዓይነት ምክር ይሰማል። አንዱ «ታክሲ ንዳ» ይለዋል። ሌላው «ሆቴል ግባ፣ ዩኒየን አለው» ይለዋል። ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዲለርነት ተማር» ይለዋል። ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው ቁማር የሚለው ቃል ስለሚከብደው ነው።

እኔ ሦስተኛውን ምክር ሰምቼ ከገባሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ከዚያ ወዲህ እንዴት ይጀመራል ብሎ የሚደውልልኝ ሰው አልጠፋም። በስልክ ደጋግሜ የማወራውን ይኸው በጽሑፍ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ዲለር አይቆምርም። ካርታ ያድላል፣ ይቆጥራል፣ ይከፍላል፣ ይሰበስባል። ዕድል የተጫዋቹ ጉዳይ ነው። የእኛ ሥራ የእጅና የስሌት ሥራ ነው፤ ልክ እንደ ልብስ ስፌት እጅ እስኪገባ ይለመዳል።

መጀመሪያ ከራስ ጋር መጨረስ

ለትምህርት ቤት ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ጨርሱ። እኛ ቤት «ቁማርተኛ» ስድብ ነው። እናቴ ሥራዬን የሰማች ቀን ስልኩ ላይ ዝም አለች። ቆይታ «ልጄ፣ አንተ ግን አትጫወትም አይደል?» አለችኝ። አልጫወትም አልኳት፤ እስከ ዛሬም አልተጫወትኩም። ከንስሐ አባታቸው ጋር ተመካክረው የገቡ አውቃለሁ። ተመካክረው የተዉም አውቃለሁ። ሁለቱንም አከብራለሁ። የሚጎዳው ግማሽ ልብ ይዞ መግባት ነው። ጠረጴዛው ላይ ሰው የቤት ኪራዩን ሲያጣ ታያላችሁ። ያን ሌሊት ልባችሁ ከተከፈለ እጃችሁም ይሳሳታል።

ሌላም ጥያቄ አለ። ቁማር ይዟችሁ ያውቃል? ቤቲንግም ቢሆን? ይዟችሁ ከነበረ ይህን ሥራ እለፉት። ስምንት ሰዓት ሙሉ ቺፕ (በገንዘብ ምትክ የሚጫወቱበት ክብ ነገር) ሲነኩ መዋል ለሚሽር ቁስል ጥሩ አይደለም። ይህን የምለው ጎበዝ የነበሩ ባልደረቦቼ ከፈረቃ ወጥተው ደመወዛቸውን ጎረቤት ካዚኖ ሲያስረክቡ ስላየሁ ነው።

ወረቀቱ

ይህኛው አጭር ነው። በኔቫዳ ዕድሜ 21 መሙላት አለበት። ዜግነት አይጠየቅም፤ ግሪን ካርድ ወይም ሌላ ሕጋዊ የሥራ ፈቃድ ይበቃል። ሥራ ስታገኙ በቀጣሪው ካዚኖ በኩል በኔቫዳ ጌሚንግ ኮንትሮል ቦርድ፣ ማለትም ቁማርን በሚቆጣጠረው የስቴቱ መሥሪያ ቤት፣ ትመዘገባላችሁ። አሻራ ትሰጣላችሁ። ምዝገባው 5 ዓመት ያገለግላል።

ፎርሙ ላይ ስለ ክስና እስራት ሲጠየቅ እውነቱን ጻፉ። መደበቅ ራሱን የቻለ ጥፋት ሆኖ ይቆጠራል። በስርቆት ወይም በማጭበርበር የተከሰሰ ሰው ለትምህርት ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ጠበቃ ያማክር። በሌላ ስቴት ያላችሁ የራሳችሁን ስቴት ሕግ ጠይቁ፤ ይለያያል።

ትምህርት ቤት መምረጥ

ብላክጃክ፣ ማለትም ከ21 ሳያልፍ ወደ 21 የተጠጋ የሚያሸንፍበት የካርታ ጨዋታ፣ በስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይለመዳል። ክራፕስ፣ ማለትም የዳይስ ጨዋታው፣ ከሁሉም ይረዝማል። ብላክጃክን ያዙና ቢያንስ አንድ ጨዋታ ጨምሩበት። የእኔ ምርጫ ባካራት (ሌላው የካርታ ጨዋታ) ወይም ሩሌት (ኳስ በቁጥር ጎማ ላይ የሚሽከረከርበት) ነው። ክራፕስ የሚችል ሰው ግን ሥራ አያጣም፤ ከባድ ስለሆነ ብዙ ሰው ይሸሸዋል።

ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ ሰዓት ቁጭ ብላችሁ እዩ። መምህሩ የተማሪውን እጅ እየያዘ ያርማል ወይስ ስልኩን ያያል? ኮርሱ ካለቀ በኋላ እየመጣችሁ መለማመድ ትችላላችሁ? ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ትልቅ ነው። ሥራ ሳታገኙ ሁለት ወር ከቆያችሁ እጅ ይዝጋል። «ሥራ እናስገባችኋለን» ብሎ የሚምል ቦታ ካለ ተጠንቀቁ። ሥራ የሚያስገባችሁ ኦዲሽኑ፣ ማለትም ካዚኖው እጃችሁን የሚፈትንበት ሙከራ ነው፤ እዚያ ደግሞ ብቻችሁን ነው የምትቆሙት።

እጅን ማሠልጠን

አሁን ወደ ዋናው መጣን። ቺፕ ግዙ። የልጆቹን ቀላል ፕላስቲክ ተዉት፤ ክብደት ያለውን ግዙ። እኔ የጀመርኩት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። እንጨት ላይ ቺፕ ይንሸራተታል፤ ድምፁም በሌሊት ጎረቤት ይቀሰቅሳል። ጋቢ አጣጥፌ አነጠፍኩበት። ጋቢ ለካ ከካዚኖው ጨርቅ ጋር ይቀራረባል። ዛሬም አዲስ ሰው ሲጠይቀኝ ጋቢ አንጥፍ ነው የምለው።

ሃያ ቺፕ በአንድ እጅ አንሱ። አውራ ጣትና የመሃል ጣት ከጎንና ከጎን ይይዛሉ። ሌባ ጣት ነፃ ይሆናል። ቁልሉን ጨርቁ ላይ አሳርፉ። ከታች አምስት ትታችሁ ሌላውን አንሱ። አጠገቡ አሳርፉ። ደግሞ አምስት ተዉ። አራት እኩል ቁልል መውጣት አለበት። መጀመሪያ ላይ አንዱ ስድስት ይሆናል፣ አንዱ አራት። ቺፑም ወለሉ ላይ ይበተናል። ግድ የለም። ዓይን ሳይቆጥር ጣት ብዛቱን እስኪያውቅ ድረስ በቀን አንድ ሰዓት ስጡት።

ቀለሞቹን ከዚሁ ጋር አብራችሁ ያዙ። ቀይ 5 ዶላር ነው። አረንጓዴ 25። ጥቁር 100። ወይን ጠጅ ብዙ ቦታ 500 ነው። ቀዩን በአምስት በአምስት ትቆርጣላችሁ፣ ማለትም በቁልል ትከፋፍላላችሁ፤ 25 ይሆናል። አረንጓዴውን በአራት በአራት፤ 100 ይሆናል። ጥቁሩን በአምስት፤ 500 ይሆናል። ይህ አቆራረጥ ለውበት አይደለም። ጣሪያው ላይ ያለው ካሜራ ከላይ አይቶ ሂሳቡን እንዲያነብ ነው። የተዝረከረከ ቁልል ማንም አያነበውም።

ካርታ መበወዝም እንደገና ይለመዳል። እኛ ሰፈር የምንበውዘው በአየር ላይ፣ ከእጅ ወደ እጅ ነው። እዚህ ክልክል ነው፤ ካርታው ከጨርቁ አይነሳም፣ ገጹም ለማንም አይታይም። ለሁለት ከፍሎ ጫፍና ጫፉን ማጠላለፍ። አሁንም ማጠላለፍ። ከዚያ ከላይ ጥቂት ጥቂት እየገፈፉ መደርደር። አንዴ ደግሞ ማጠላለፍ፣ በመጨረሻም መቁረጥ። ቤቱ፣ ማለትም ካዚኖው፣ የራሱ ቅደም ተከተል ይኖረዋል፤ መሠረቱ ግን ይኸው ነው። በስድስት ፓኬት የሚጫወቱበት ጠረጴዛ ላይ 312 ካርታ ነው የምትበውዙት። መበወዣ ማሽን ያለበት ቤት ብዙ ነው፤ ኦዲሽን ላይ ግን እጃችሁን ማየት ይፈልጋሉ።

ስሌቱ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ሒሳቡ አስቸጋሪ ሆኖ አይደለም፤ ሰባት ሰው እያያችሁ ስለምታሰሉት ነው።

በመጀመሪያ በእንግሊዝኛ ቁጠሩ። እኔ ለወራት በልቤ «ሰባት፣ አሥራ አራት፣ ሃያ» እያልኩ፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ መልሼ ጮክ ብዬ እናገር ነበር። በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ሰከንድ ይበላል። ጨዋታው ሲፈጥን ሁለቱ ቋንቋ ይጋጫል፤ ተጫዋቹን 19 አለህ ብዬ 18 የነበረበት ቀን አለ። ቤት ስትለማመዱ ድምፅ አውጥታችሁ በእንግሊዝኛ ቁጠሩ። ልጆቻችሁ ይሳቁ።

ቀጥሎ የብላክጃክ ክፍያ፣ ማለትም የተጫዋቹ የመጀመሪያ ሁለት ካርታ 21 ሲሆን የሚከፈለው። በድሮው ደንብ 3 ለ 2 ነው፤ የተቀመጠውን ገንዘብ ውሰዱና ግማሹን ጨምሩበት። 35 ዶላር ከሆነ 52.50 ትከፍላላችሁ። አሁን በብዙ ጠረጴዛ 6 ለ 5 ነው፤ እዚህ የምትጨምሩት አንድ አምስተኛውን ነው። 35 ዶላር 42 ይሆናል። 45 ደግሞ 54፤ 75 ደግሞ 90። ከ5 እስከ 100 በአምስት በአምስት እየሄዳችሁ ሁለቱንም በቃል ያዙ። እንደ ፊደል ገበታ።

ሩሌት የራሱ የማባዛት ሠንጠረዥ አለው። አንድ ቁጥር ላይ በቀጥታ ያረፈ ቺፕ 35 እጥፍ ይከፈለዋል። በሁለት ቁጥር መሃል ያረፈ 17። በአራት ቁጥር ማዕዘን ያረፈ 8። ስለዚህ የ17ን ብዜት ማወቅ ግድ ነው፦ 17፣ 34፣ 51፣ 68፣ 85፣ 102። አንድ ተጫዋች 17 ቁጥርን ከበበው እንበል። አንድ ቺፕ መሃሉ ላይ፣ አራት በጎኖቹ፣ አራት በማዕዘኖቹ። ኳሷ 17 ላይ ወደቀች። 35፣ 68 እና 32 ተደምሮ 135 ነው። ጥሩ የሩሌት ዲለር ይህን አይደምርም። ቅርጹን ያያል፣ 135 ይላል። እኔ እነዚህን ቅርጾች በወረቀት ሥዬ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፌ ነበር።

ባካራት ላይ ባንከር (ውርርድ ከሚቀመጥባቸው ወገኖች አንዱ) ሲያሸንፍ በተለመደው ጨዋታ 5 በመቶ ኮሚሽን ይያዛል። 100 ላይ 5 ዶላር፣ 175 ላይ 8.75። አስቸጋሪ አይደለም፤ ገንዘቡ ትልቅ ስለሚሆን ግን ስህተቱም ይገዝፋል።

የጠረጴዛው ሥርዓት

የመጀመሪያ ኦዲሽኔ የወደቀው በዚህ ነው። አንድ ሽማግሌ መጡ። መቶ ዶላር አውጥተው ወደ እኔ ዘረጉ። እኔም እንዳደግሁበት ጎንበስ ብዬ፣ በሁለት እጄ ተቀበልኳቸው። ሱፐርቫይዘሩ ትከሻዬን ነካ አድርጎ አስቆመኝ። ያን ቀን የሠራሁት አሥር ደቂቃ እንኳን አይሞላም።

በካዚኖ ምንም ነገር ከእጅ ወደ እጅ አያልፍም። ደንበኛው ገንዘቡን ጨርቁ ላይ ያስቀምጣል። እናንተ ታነሱታላችሁ። ብሮቹን ካሜራው በሚያየው መልኩ ዘርግታችሁ ትደረድራላችሁ። መጠኑን ጮክ ብላችሁ ትጠራላችሁ። ሱፐርቫይዘሩ ይመልስላችኋል። ቺፑን ቆርጣችሁ ካሳያችሁ በኋላ ወደ ደንበኛው ትገፋላችሁ። ከዚያ ብሩን በቀዳዳው ወደ ሣጥኑ ትከታላችሁ። በዚህ ቅደም ተከተል፣ ሁልጊዜ። ለእኛ ሰው ይህ ከስሌቱ ይበልጥ ይከብዳል፤ ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ እናንተ ወደ ጨርቁ ስታመለክቱ ነውር ይመስላል። ፈገግ በሉ፣ በእጃችሁ መዳፍ ወደ ጨርቁ አሳዩ። አክብሮቱ በፊታችሁ ይታያል።

ከጠረጴዛው ስትወጡ፣ ወይም ፊታችሁን ማከክ እንኳን ሲያምራችሁ፣ ሁለት እጃችሁን ቀስ አድርጋችሁ አጨብጭቡና ውስጡንም ጀርባውንም አሳዩ። ለካሜራው «ምንም አልያዝኩም» ማለት ነው። እኔ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መጽሐፍ አስቀምጬ እጄን እንዲህ አድርጌ አውቃለሁ።

ቲፕ ሲሰጣችሁ አመስግኑ፣ ቺፑን በሚሰማ ድምፅ መታ አድርጉና ወደ ቲፕ ሣጥኑ ክተቱ።

የምታውቁት ሰው ጠረጴዛችሁ ላይ ከተቀመጠ ለሱፐርቫይዘሩ ወዲያው ተናገሩ። በአማርኛ ማውራት፣ መጨባበጥ፣ እንደ ልማዳችን ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳም በጨዋታ መሃል አይሆንም። ሰው ኮራ ብሎ ያልፈኛል ብሎ ይቀየማል። ቀድማችሁ ንገሯቸው። ሰንበቴ ላይ፣ ሠርግ ላይ፣ የትም ስትገናኙ «ጠረጴዛዬ ላይ ከመጣህ አላውቅህም» በሉ። ቅያሜው ከሥራችሁ አይበልጥም።

ኦዲሽን

አዲስ ዲለር የሚቀጥሩ ቤቶች ብሬክ ኢን ይባላሉ። አብዛኞቹ ከስትሪፕ፣ ትልልቆቹ ካዚኖዎች ከተደረደሩበት ዋና መንገድ፣ ውጪ ያሉ አነስተኛ ካዚኖዎች ናቸው። ዝቅተኛ ውርርድ፣ ብዙ ተጫዋች፣ ፈጣን ጨዋታ። ለመማር ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም።

ጥቁር ሱሪ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ጫማ ልበሱ። ጥፍራችሁ ይቆረጥ፤ ሁሉም ሰው የሚያየው እጃችሁን ነው። በትክክለኛ ጠረጴዛ፣ በትክክለኛ ገንዘብ፣ አሥር ወይም ሃያ ደቂቃ ያሠሯችኋል። ፍጥነት አትሞክሩ። ቀስ ብሎ ያልተሳሳተ ሰው ይቀጠራል፤ ፈጥኖ የተሳሳተ ይመለሳል። ከተሳሳታችሁ እጃችሁን አቁሙና ሱፐርቫይዘር ጥሩ። በድብቅ ለማስተካከል አትሞክሩ። ቀና በሉ። በአክብሮት ዓይን ዝቅ ማድረግ የለመደ ሰው ዳር ያለውን ውርርድ አያይም። እኔ ያለፍኩት በአራተኛው ነው፤ ሦስት ጊዜ መውደቅ ብርቅ አይደለም።

ያ ጠረጴዛ ጀርባ ለሁሉም ክፍት እንዳልነበረ ማወቅም ደግ ነው። ኔቫዳ ቁማርን ሕጋዊ ያደረገችው በአውሮፓውያን 1931 ነው። ለአሥርተ ዓመታት ግን በስትሪፕ ጥቁር ሰው ከጓዳ አልፎ ካርታ አያድልም ነበር። በ1955 የተከፈተው ሙላን ሩዥ የሚባል ካዚኖ ጥቁር ዲለሮች ነበሩት፤ በዚያው ዓመት ተዘጋ። በሩ ሰፋ ያለው በ1971 ካዚኖዎቹና የሠራተኛ ማኅበራቱ በፍርድ ቤት በኩል ስምምነት ከፈረሙ በኋላ ነው። እነዚያ ሰዎች ባይታገሉ እኛ ዛሬ እዚያ አንቆምም። በ2023 ክላርክ ካውንቲ ለሰፈራችን ሊትል ኢትዮጵያ የሚል ስም ሲሰጥ ያስታወስኳቸው እነሱን ነው።

ገንዘቡ

የኔቫዳ ዝቅተኛ ክፍያ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በሰዓት 12 ዶላር ነው። ዲለር ብዙውን ጊዜ የሚከፈለው እዚያው አካባቢ ነው። የሚያኖረው ቲፑ ነው። በአብዛኛው ቤት ቲፑ የግል አይደለም። የቀኑ ሁሉ ተሰብስቦ በሠሩት ሰዓት ልክ ለዲለሮች ይከፋፈላል፣ ከደመወዝ ጋር ይመጣል። ስለዚህ ሥራ ስትመርጡ በሰዓት ስንት ይከፍላል ከማለት ይልቅ ዲለሮቹን «የሳምንቱ ቲፕ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ይነግሯችኋል።

በ2025 የወጣው የፌዴራል ሕግ ከ2025 እስከ 2028 በዓመት እስከ 25,000 ዶላር ቲፕ ከገቢ ግብር ስሌት እንዲቀነስ ይፈቅዳል። የካዚኖ ዲለርም ከተፈቀደላቸው ሙያዎች ውስጥ ነው። የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ክፍያ ግን ይቀጥላል። ግብር የሚሠራላችሁ ሰው ይህን ማወቁን አረጋግጡ።

አዲስ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ኦን ኮል፣ ማለትም ሲጠሩት ብቻ የሚሠራ ሆኖ ነው። አንድ ሳምንት አምስት ቀን፣ አንድ ሳምንት ሁለት ቀን። ሌሊት፣ ቅዳሜና እሁድ፣ በዓል ሁሉ የእናንተ ነው። የስድስት ወር ወጪ ሳትይዙ ሌላውን ሥራ አትልቀቁ።

ገላችሁን ጠብቁ

አንድ ሰዓት ገደማ ቆማችሁ ትሠራላችሁ፣ ሃያ ደቂቃ ታርፋላችሁ። ለአንገትና ለወገብ ከባድ ነው። ጫማ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። በዕረፍት ሰዓት አንጓችሁን አፍታቱ። ጭሱ ሌላ ነው። ኔቫዳ በ2006 የወጣው የጭስ ሕግ የካዚኖውን መጫወቻ ወለል አይጨምርም። አስም ያለበት ሰው ማጨስ የሚከለክል ቤት ይፈልግ፤ ጥቂትም ቢሆኑ አሉ። በጾም ወቅት ሌሊት የምትሠሩ ሽሮ ይዛችሁ ሂዱ፤ የሠራተኛ ምግብ ቤት ውስጥ የጾም ነገር ሁልጊዜ አይገኝም።

የተሸነፈ ሰው ይሰድባችኋል። ካርታ ይወረውራል። አትመልሱ፤ ሱፐርቫይዘሩን ጥሩ፣ የእሱ ሥራ ነው።

ከፍ ማለት የሚፈልግ ዱዋል ሬት ይሆናል፤ አንድ ቀን ዲለር፣ አንድ ቀን ሱፐርቫይዘር። ሱፐርቫይዘር ብዙ ቦታ ቲፕ ውስጥ ስለማይገባ ገቢው ሊቀንስ ይችላል። ሂሳቡን ሠርታችሁ ወስኑ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ አገር ቤት ላላችሁ

በቴሌግራም «ታይላንድ ውስጥ የካዚኖ ሥራ፣ ቲኬት እኛ እንችላለን» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ አትመኑ። በታይላንድ ካዚኖ ሕጋዊ አይደለም። ብዙ ልጆቻችን በዚህ መንገድ ድንበር ተሻግረው ሚያንማር ውስጥ የማጭበርበሪያ ካምፖች ታጉረዋል። በየካቲት 2025 በአንድ ቀን ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት 260 ያህል ሰዎች ከግማሽ በላይ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ልምድ የሌለውን ሰው ከአዲስ አበባ ቲኬት ቆርጦ የሚወስድ ካዚኖ እኔ አላየሁም። እባካችሁ ይህን ለታናናሾቻችሁ አሳዩአቸው።

የመጀመሪያው ፈረቃ

ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ውኃ ጠጡ። ስልካችሁን ሎከር ውስጥ ተዉት። ጠረጴዛችሁ ሲነገራችሁ ከኋላ ቀርባችሁ የምትቀይሩትን ዲለር ትከሻ ቀስ ብላችሁ ንኩ። እሱ የያዘውን ዙር ጨርሶ ያጨበጭባል፣ ይወጣል። እናንተ እጃችሁን አሳዩና ግቡ። ቺፖቹን በዓይናችሁ ቃኙ፤ የጎደለ ቁልል ካለ አሁኑኑ ተናገሩ። ከዚያ ቀና ብላችሁ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሰላም በሉ። እጃችሁ ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ የእኔ አንድ ሳምንት ተንቀጥቅጧል። መዳፋችሁን ጨርቁ ላይ ለሁለት ሰከንድ አሳርፉ። ካርታውን አንሱ። ከግራችሁ ጀምሩ።